የአህመድ አስራ አንድ ድንጋዮች

ድንጋይ ሲፈነከት ይሸታል። ብዙ ሰው አያውቀውም። ተጭሮ የጠፋ ክብሪት ዓይነት ሽታ ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ቶሎ ይጠፋል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል። ሰው ካጠገቤ ካለ ሻሼን ወደ አፌ ሳብ አደርጋለሁ።

አምና በጥቅምት ሸዋ ሮቢት፣ የእህቴ ልጅ ሆቴል ግቢ፣ ከማንጎው ስር ቁጭ ብዬ ሳለሁ ያ ሽታ መጣብኝ። ዞር ስል አንድ ወጣት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ በትንሽ መዶሻ ድንጋይ ይፈነክታል።

«እማማ፣ አቧራው አስቸገረዎት መሰለኝ» ብሎ ሊነሳ ቃጣው።

«የለም ልጄ፣ ስራህን ስራ። ድንጋዩ ምን በደለህ?»

ሳቀ። ትሁት ልጅ ነው፤ ደግሞም ማስረዳት ይወዳል። ስለ ድንጋይ የተማረ ነው፤ በእኛ በይፋት ቆላ መዳብ ሊፈልግ የመጣ። መዳብ በተገኘበት ወርቅና ብርም አብሮ ይኖራል ተብሎ ይታሰባል አለኝ። ድሮ፣ ሰው ሳይፈጠር፣ ከመሬት ሆድ የፈላ ውሃ በአለቱ ስንጥቅ ሽቅብ ሲወጣ ማዕድኑን ይዞ ይመጣና እዚያው ስንጥቁ ውስጥ ጥሎት ይቀራል። መዳቡ ዝናብና አየር ሲያገኘው አረንጓዴ ይለብሳል። «ስለዚህ ሜዳ ላይ አረንጓዴ ድንጋይ ካየን ወደ ዳገቱ እንሄዳለን» አለ። «ድንጋይ ቁልቁል ይንከባለላል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ምንጩ ሁልጊዜ ከበላይ ነው።»

ቀጥሎ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። በወረራው ጊዜ አንድ ጣሊያን የሳለው ካርታ ነው፤ ቀወት ውስጥ ያለ ቦታ። ከአንዲት ትንሽ ጉብታ ፊት ለፊት፣ ሜዳው ላይ፣ ብዙ ነጠብጣብ ተበትኗል። ነጠብጣቦቹ በክብ የቆሙ ናቸው፤ መሃሉ ባዶ ነው። ከጉብታው ስር ደግሞ ሶስት ትንንሽ ሳጥኖች ተስለዋል።

«ነጠብጣቦቹ አረንጓዴ ድንጋይ የተገኘባቸው ቦታዎች ናቸው። ሳጥኖቹ ሰውዬው ያስቆፈራቸው ጉድጓዶች። ከስር ግን ምንም አላገኘም። ድንጋዮቹ ከየት መጡ? እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም።»

እኔ አውቃለሁ። ያ ባዶ ቦታ ላይ ቆሜ የነበርኩት እኔ ነኝ።

*

ጣሊያን አገራችን የገባ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሞታለች፤ አባቴን ደግሞ ለመንገድ ስራ ወደ ጣርማ በር ወሰዱት። እኔን ለአክስቴ ለእትዬ ዘሃራ ሰጠኝና ሄደ። እትዬ ዘሃራ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማታበዛ። ባሏ ጋሼ ሰይድ «ለንግድ ጅቡቲ ወርዷል» ይባላል። ሲባል እሰማለሁ፣ አምናለሁ። ልጅ የተነገረውን ካላመነ ምን ሊያምን ነው?

ልጅ የላትም። ማለቴ፣ በሕይወት ያለ ልጅ የላትም። ሶስቱን ንዳድ ወስዶባታል፤ አህመድን፣ ከድጃን፣ ደግሞ ስም ሳይወጣለት በሰባት ቀኑ የሞተውን። ከማሽላው ማሳ ራስጌ፣ ከጉብታዋ ስር ጎን ለጎን ተኝተዋል።

በዚያች መንደር አንድ ልማድ ነበረ። ሌላ አገር አይቼው አላውቅም። ልጅ የሞተባት እናት «ድፍርስ ውሃ» ከሚባለው ወንዝ አረንጓዴ ድንጋይ አምጥታ መቃብሩ ላይ ታኖራለች፤ ልጁ በኖረበት ዓመት ልክ። ከዚያ በኋላም ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ትጨምራለች። ልጁ አይመለስም፣ ዕድሜው ግን አይቆምም። የመንደሩ ሼህ «ይሄ በሸሪዓ የለም፣ ተዉት» እያሉ ይቆጡ ነበር። እናቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ፤ ሲነጋ ድንጋያቸውን ይዘው ይመጣሉ።

እትዬ ዘሃራ አርብ አርብ መቃብሩ ዘንድ ትቀመጥና ድንጋዮቹን በመዳፏ እየዳበሰች ታወራኛለች።

«አህመድ አስራ አንድ ሞላው። በሁለት ዓመት ይበልጥሻል። ቢኖር ወፍ የሚጠብቀው እሱ ነበር።»

አህመድ አስራ አንድ ድንጋይ፣ ከድጃ ስምንት፣ ስም የለሹ ሶስት። በቃሌ እይዘዋለሁ።

ድፍርስ ውሃ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፣ ወደ ገደሎቹ ሽቅብ። ድሮ በዓመት አንዴ ነበር አሉ የምትሄደው። በዚያ ዓመት ግን በየሳምንቱ ትሄዳለች። ስትሄድ ጀርባዋ እስኪጎብጥ ትሸከማለች፤ ቆሎ፣ በርበሬ፣ አሞሌ ጨው፣ አንድ ቀን እንዲያውም የተሰፋ ሱሪ። ስትመለስ አንዲት ድንጋይ ይዛ ትመጣለች፤ እሷንም እቤት ታስቀምጣታለች። እኔ ምን ገባኝ መሰላችሁ? የወንዙ ጂን ድንጋዩን የሚሸጥላት በእህል ነው አልኩ። ጂኑ ሱሪ እንደሚለብስም ያን ቀን አወቅሁ። እሷ ሌሊት ስትጸልይ ስሰማ ዱዓው ለጂኑ እየመሰለኝ እስከ ራሴ እከናነባለሁ፤ አላህ ይማረኝ።

*

የእኔ ስራ ወፍ መጠበቅ ነበር። ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል፤ እንደ ደመና መጥቶ ከተቀመጠ በአንድ ጠዋት ማሳ ባዶ ያደርጋል። ማሳው መሃል በእንጨት የተሰራ ማማ ላይ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ ወንጭፍ አወናጭፋለሁ።

የእኛ ማሳ ዋልካ አፈር ነው፤ ጠጠር ብትፈልጊ አታገኚም። ስለዚህ ለወንጭፍ የሚሆነው የጭቃ ድብልብል ነው። ማታ ማታ ከመንደሩ ወንዝ ዳር ጭቃ ታመጫለሽ፣ ታድበለብያለሽ፣ በፀሐይ ታደርቂያለሽ፤ ለአንድ ቀን መቶም አይበቃም። ጭቃው ጥፍር ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ጣት ይሰነጥቃል። እትዬ ዘሃራ «ለነገ አድበልብለሻል?» ትለኛለች። «አዎ» እላታለሁ። ግማሹ ውሸት ነው፤ አሸዋ ላይ ተጋድሜ ውሃ ስመታ ነው የማመሸው።

አንድ ጠዋት ግሪሳው መጣ፤ እኔ አስር ድብልብል እንኳ የለኝም። አለቀ። ወፉ ማሽላው ላይ ሰፍሮ ይንጫጫል። ወርጄ ወደ ጉብታዋ ሮጥኩ። በአቅራቢያው ያለ ድንጋይ እሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከአህመድ ላይ አንድ አነሳሁ። «በኋላ ፈልጌ እመልሰዋለሁ» አልኩ። ወንጭፌ ላይ አድርጌ ለቀቅኩት። የጭቃው ድብልብል አየር ላይ ይፈረካከሳል፤ ይሄ ግን እያፏጨ ሄዶ ማሳው ጫፍ ደረሰ። ግሪሳው በሙሉ ተነሳ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልንገራችሁ? ልቤ ጮቤ ረገጠ።

ማሽላው ከእኔ ቁመት በላይ ነው፤ የወረወርኩት አልተገኘም። በማግስቱ ሁለት ወሰድኩ። ከዚያ ሶስት። ከከድጃም ወሰድኩ። ከስም የለሹ እንኳ አልማርኩም። አርብ ሲመጣ እንዳይታወቅብኝ ከወንዝ ለወንጭፍ የሚከብድ ጥቁር ድንጋይ አምጥቼ ከስር አደረግኩ፣ የቀሩትን አረንጓዴዎች ከላይ ደረደርኩ። እትዬ ዘሃራ መጥታ ዳበሰቻቸው። እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆየ። ቀና ብላ አላየችኝም። አላወቀችም ብዬ ተነፈስኩ።

የሞቱ ልጆችን ዕድሜ ነበር የምወረውረው። ያኔ እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም። ድንጋይ ነው፣ ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል፣ ነበር ያልኩት።

*

ፈረንጁ የመጣው እትዬ ዘሃራ ወደ ድፍርስ ውሃ በሄደችበት ቀን ነው። አንድ በቅሎ፣ ለጣሊያን ያደሩ ሁለት አስካሪ ወታደሮች፣ አንድ አስተርጓሚ ይዟል። ጠመንጃ አልያዘም፤ መዶሻ ብቻ። ማሳው ዳር ጎንበስ አለና ከአፈር ውስጥ አንድ አረንጓዴ ድንጋይ አነሳ። በመዶሻው መታው፤ ያ ሽታ እስከ እኔ ደረሰ። ከዚያ ድንጋዩን ላሰው።

ከማማው ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሰው ድንጋይ ሲልስ አይቼ አላውቅም። ርቦት ነው አልኩ። አገራቸው እህል የለም፣ ለካ ለዚህ ነው አገራችንን የወሰዱት ብዬ አዘንኩለት። እንጎቻ ልሰጠው ሁሉ አስቤ ነበር።

አስተርጓሚው ጠራኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ድንጋይ ከየት መጣ?»

ከመቃብር ሰርቄ በወንጭፍ ወርውሬው ነው እንዴት ይባላል? «ማሳው ውስጥ ሞልቷል» አልኩ።

አልዋሸሁም። ሞልቷል።

ፈረንጁ ሳቀና ከበቅሎው ጭነት አንድ ቀይ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ውስጡ ሁለት ብስኩት ቀርቷል። በዚያ አገር ቀይ ቆርቆሮ ያለው ልጅ አልነበረም። ከማማው ስር አፈር ምሼ ቀበርኩት።

ቀኑን ሙሉ ማሳውን ሲያተራምሱ ዋሉ። ድንጋይ ባገኙበት ሁሉ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ይተክላሉ። ከማማዬ ላይ ሆኜ ሳይ ቀይ ጨርቆቹ ዙሪያዬን ከበቡኝ፤ ወንጭፌ የደረሰበት ሁሉ ምልክት ቆመበት። ቀስ በቀስ ሽቅብ አሉ። ጉብታዋ ስር ሲደርሱ ሶስቱን ክምር አዩ። ፈረንጁ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ፤ እንደ ልጅ እልል ማለት ብቻ ነው የቀረው። ምንጩን ያገኘ መሰለው።

እትዬ ዘሃራ ጀንበር ስትጠልቅ መጣች። ከሩቅ ቀይ ጨርቆቹን አየች፤ ቆመች። መቀነቷ ውስጥ የነበረችውን ድንጋይ ሳትቸኩል አወጣችና የማሽላው ጎታ ውስጥ ከተተቻት። «ማን መጣ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ስለ ወንጭፉና ስለ ቆርቆሮው ግን ምንም አልተነፈስኩም።

በማግስቱ የመንደሩን ወንዶች ሰብስበው ዶማ አስያዟቸው። ዶማ የያዙት ሰዎች መቃብር መሆኑን ያውቃሉ፤ መሬት መሬቱን እያዩ ቆሙ። እትዬ ዘሃራ ሄዳ ክምሮቹ ፊት ቆመች።

«ይሄ መቃብር ነው። የእኔ ልጆች ናቸው» አለች።

አስተርጓሚው ነገረው። ፈረንጁ ባርኔጣውን አወለቀ። ለአስተርጓሚው ረጅም ነገር ነገረው። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር።

«ስሚ» አላት አስተርጓሚው። «ጌታው እንዲህ ይላሉ። ድንጋዩን ከሌላ ቦታ ያመጣችሁት ከሆነ ቦታውን አሳዪን። መቃብሩን አንነካም፤ ዛሬውኑ ተነስተን እንሄዳለን።»

ሁሉም ሰው እሷን ያያል። እኔም አያታለሁ። «ድፍርስ ውሃ» በይ፤ ሁለት ቃል ናት፤ በይው እትዬ። ደግሞ የራሴ አፍም ነበረኝ። ማሳው ላይ ያለውን የወረወርኩት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ዱላውን ፈራሁ። ቆርቆሮውን እንዳይወስዱብኝም ፈራሁ፤ አፈር ልብላ፣ ያንንም አስቤያለሁ።

እትዬ ዘሃራ ፈረንጁን ቀጥ ብላ አየችው።

«ከየትም አልመጣም» አለች። «ድሮም እዚሁ ነው የነበረው።»

ከመንደሩ ሰዎች አንድም ቀና ያለ የለም። ሁሉም እውነቱን ያውቃል፣ አንድም ሰው አልተናገረም። ፈረንጁ ባርኔጣውን አደረገ። መቆፈር ተጀመረ።

እኔ ያን ቀን ጠላኋት። ለጂኗ ስትል ልጆቿን ሰጠች አልኩ። ይህ ከሁሉም ይብሳል፤ ድንጋዩን ከመውሰዴም፣ አፌን ከመዝጋቴም። እኔ ነኝ በእሷ ላይ የፈረድኩት።

ጋሼ ሰይድን ያየሁት ጣሊያን ሲወጣ ነው። ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ጠመንጃ ይዞ ከድፍርስ ውሃ መጣ። ከጓደኞቹ ጋር እዚያ ዋሻ ውስጥ ነበር የኖረው። የለበሰው ሱሪ ያ ሱሪ ነበር፤ ከስፌቱ አወቅሁት። ያኔ ነው የገባኝ።

*

ጉድጓዱ ሲቆፈር አጽሙን ያወጣችው እትዬ ዘሃራ ራሷ ናት። ማንንም አላስነካችም። አህመድን በነጠላዋ፣ ከድጃን በሻሿ ጠቀለለች። ከስም የለሹ ጉድጓድ ምንም አልተገኘም፤ አንድ እፍኝ አፈር ቋጠረች። ሼሁ፣ ስለ ድንጋዩ ሲቆጡ የነበሩት ሰውዬ፣ እያለቀሱ ሌላ ቦታ፣ ከአንድ ዋርካ ስር ሰግደውባቸው ቀበሯቸው።

ፈረንጁ ስምንት ቀን አስቆፈረ። መጀመሪያ ዋልካ፣ ቀጥሎ ጥቁር አለት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ አረንጓዴውን ድንጋይ ያየዋል፣ ጥቁሩን አለት ያየዋል፣ እንደገና ይልሰዋል። በመጨረሻ ከየማሳው የለቀመውን በሳጥን አስጭኖ ሄደ። ከእኔ ያመለጡት የቀሩት ዓመቶችም አብረው ተጫኑ። ዋርካው ስር አንድም ድንጋይ አልነበረም።

እትዬ ዘሃራ ጎታ ውስጥ የደበቀቻቸውን እንኳ አውጥታ አላኖረችም። ፈረንጁ ይመለሳል ብላ ይሆናል። እኔ ግን የምትመታኝን ቀን ስጠብቅ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ትጠራኛለች፣ በአለንጋ ትገርፈኛለች፣ እኔም አልቅሼ ይወጣልኛል እያልኩ። አልጠራችኝም።

ከማሽላው ትንሽ ተርፎ ነበር፤ ወፉም አልቀረም። አንድ ጠዋት ወደ ማማው ልወጣ ስል እትዬ ዘሃራ ከማማው ስር ቁጭ ብላለች። ጣቶቿ በደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቀዋል። ሌሊቱን ስታድበለብል ነው ያደረችው። ጭኗ ላይ ያ ቀይ ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ከቀበርኩበት አውጥታ፣ አጥባ፣ የጭቃ ድብልብል ሞልታዋለች። ዘረጋችልኝ።

«ለወፍ ጭቃ ይበቃል» አለችኝ።

ሌላ ምንም አላለችም፤ ያን ቀንም፣ እስክትሞትም። ቆርቆሮውን ተቀበልኩ። ከበደኝ። አርብ ዕለት መቃብሩ ላይ እጇ የቆየው ለምን እንደነበር ያን ጊዜ አወቅሁ። ኋላ ሳስበው ደግሞ፣ ፈረንጁ ፊት ቆማ «ድሮም እዚሁ ነው የነበረው» ስትል፣ ባሏን ብቻ ሳይሆን እኔንም ነበር የሸፈነችኝ።

*

«እማማ? ደከመዎት እንዴ?» አለኝ ልጁ።

ካርታውን አጥፎ ሌላ ነገር እያሳየኝ ነበር። ጋዜጣው ላይ፣ ከድንጋዮቹ ሁሉ ለይቶ ያስቀመጠው አንድ አረንጓዴ ድንጋይ አለ። «ይሄን ትናንት አንድ ገበሬ ከዚያው ማሳ ሲያርስ አወጣው። ከዚያ ሁሉ ነጠብጣብ የተረፈ ብቸኛው ይመስለኛል። ምንጩን ባውቅ ምን አለ።»

ድፍርስ ውሃ ልለው እችል ነበር። አሁን እዚያ የሚደበቅ ሰው የለም። ግን አክስቴ ለልጆቿ መቃብር ብላ ያልከፈተችውን አፍ፣ እኔ በምን ፊቴ ልክፈተው?

ድንጋዩን አነሳሁት። መዳፌ ክብደቱን አልረሳውም። ወንጭፍ ላይ ልክ የሚሆን ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ትሰጠኛለህ? ዋርካ ስር የማኖረው ነው።»

«እማማ፣ ሌላ የሚያምር ድንጋይ ላምጣልዎ» አለ እፍር ብሎ። ገልብጦ በነጭ ቀለም የተጻፈውን አሳየኝ። «ይሄ ቁጥር ተሰጥቶታል።»

«ድሮም ቁጥር ነበረው» አልኩት።

«የምን ቁጥር?»

«የልጅ ዕድሜ።»

ልጁ መዶሻውን አስቀመጠ። የየትኛው ልጅ ብሎ ጠየቀኝ። የአህመድ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ያን ሰሞን ከአህመድም ከከድጃም ወስጄአለሁ፣ ከሕፃኑም ወስጄአለሁ።

«አላውቅም» አልኩት። «ስወረውረው አላየሁትም።»